ኤክስፒው ከዊንዶውስ 10 ጋር አልገናኝ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ስካነሬ የሚሠራው በአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ብቻ ስለሆነ ልጥለው አልችልም። ባለፈው ሳምንት ሌላኛው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 10 እንደ አዲስ አስጫንኩ። ከዚያ ወዲህ ፋይል ማስተላለፍ ቀረ።

መጀመሪያ ኤክስፒው 169.254 ብሎ የሚጀምር አይፒ ያዘ። ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። ገመዱን ቀየርኩ፤ መሰኪያው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ማለት ጀመረች። አይፒውም ተስተካከለ። ፒንግ ሳደርግ (ግንኙነቱን ስፈትሽ) ይመልሳል። ሼር የተደረገውን ፎልደር ልክፈት ስል ግን እምቢ!

ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይል ከሚጋሩባቸው ስልቶች ኤክስፒ የሚያውቀው አሮጌውን ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ከወጣው እትም ጀምሮ አዲስ ሲጫን ፎልደር ሼር የሚያደርግበትን ኤስኤምቢ 1 ይዞ አይመጣም። ላብራው ብል ፈራሁ፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተስፋፋው በዚሁ ቀዳዳ ነው። እኔ ጋ ያለው የሰው መታወቂያና ማስረጃ ነው።

ዛሬ ከዘጌ የመጡ እናት የይዞታ ደብተራቸውን በፍላሽ ሳመላልስ ጀልባው ሊያመልጣቸው ነበር። በጣም አዘንኩ።

አዲሱ ላይ ኤፍቲፒ ሰርቨር (በኔትወርክ ፋይል መቀበያ ፕሮግራም) ብጭን ኤክስፒው ፋይሉን ሊልክበት ይችላል? ኤክስፒውንስ ከኢንተርኔት ለይቼ ከአዲሱ ጋር ብቻ ላገናኘው የምችለው እንዴት ነው? የሞከራችሁት ካላችሁ ደረጃ በደረጃ ንገሩኝ።