ሞን ብላን ለመውጣት 15,000 ዩሮ ማስያዝ፦ ይገባል ወይስ አይገባም?

አወያይ፦ እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። በፈረንሳይ በኩል ወደ ሞን ብላን፣ ከአልፕስ ተራሮች ሁሉ ወደሚበልጠው ተራራ፣ የሚያወጣው የተለመደው መንገድ በሳን ዠርቬ ከተማ ግዛት ያልፋል። የከተማዋ ከንቲባ ዣን ማርክ ፔዬ በኦገስት 2022 «ወደ ላይ የሚወጣ ሰው 15,000 ዩሮ ያስይዝ፤ 10,000 ለነፍስ አድን ሥራ፣ 5,000 ለቀብር» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ሥራ ላይ አልዋለም፤ አደጋ በደረሰ ቁጥር ግን ይነሳል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ከሊዮን፦ እኔ ከከንቲባው ጋር ነኝ። በዚያ በጋ ሙቀቱ በርትቶ ድንጋይ ሲወርድ ከተራራው ሥር ያለችው የሻሞኒ ከተማ መንገድ መሪዎች በዚያ መንገድ ሰው መውሰድ አቁመው ነበር። ሥራቸው ያ የሆነ ሰዎች «አንሄድም» እያሉ፣ ያለ ገመድና ያለ ክራምፖን (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ) የሚወጣ አልጠፋም። ሲወድቅ ደግሞ የሚደውለው ለጄንዳርሞቹ፣ ለተራራ ነፍስ አድን ፖሊሶቹ፣ ነው። በፈረንሳይ ተራራ ላይ የነፍስ አድን ሥራ ወጪ በመንግሥት ነው። ገንዘቡ እንኳ ይቅር፤ ድንጋይ በሚወርድበት ገደል በሄሊኮፕተር ገመድ የሚንጠለጠለውም የሰው ልጅ ነው።

ከጄኔቫ፦ እህቴ፣ ለነፍስ አድኖቹ ያለሽን ሐዘኔታ እጋራለሁ። ግን ገዳዩ ምን እንደሆነ እንይ። ከቴት ሩስ መጠለያ ተነስተህ 3,835 ሜትር ላይ ወዳለው የጉቴ መጠለያ ስትሄድ አንድ ቦረቦር ትሻገራለህ። ስፋቱ 100 ሜትር አይሞላም። የብረት ገመድ ተወጥሮበታል። አንዱ ሲሻገር ሌላው ቆሞ ወደ ላይ ያያል፤ «ድንጋይ!» የሚል ጩኸት ከተሰማ ያለው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ከ1990 ወዲህ በዚህ አካባቢ ብቻ ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል።

ይህን ድንጋይ አያይዞ የኖረው በስንጥቆቹ ውስጥ ያለው፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ ነው። ሙቀቱ ጠልቆ ሲገባ ማያያዣው ይላላል። የሞን ብላን ግራናይት 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ጠንካራ አለት ነው፤ ሆኖም በ2005 እዚያው አጠገብ ባለው በድሩ ተራራ ላይ የቦናቲ ምሰሶ የሚባለው ግድግዳ ከ250,000 ሜትር ኩብ በላይ ሆኖ ተንዷል። ድንጋዩ 15,000 ያስያዘውንና ያላስያዘውን አይለይም። ማስያዣው የሚለየው ሀብታምና ድሃን ነው።

ከሚላኖ፦ ልጄ ትክክል ብለሃል። በጣሊያን በኩል ያለችው የኩርማዮር ከንቲባ ሮቤርቶ ሮታም ያን ጊዜ ተቃውመዋል፤ «ተራራ የግል ንብረት አይደለም» ነው ያሉት። ደግሞ የጫፉ ድንበር ራሱ በሁለቱ አገሮች መካከል አከራካሪ ነው። ታሪኩንም አትርሱ። ነሐሴ 8 ቀን 1786 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጫፉን መጀመሪያ የረገጡት ሐኪሙ ፓካርና ክሪስታል እየለቀመ የሚሸጠው ባልማ ናቸው። ባልማ የዘመኑን 15,000 ዩሮ አስይዝ ቢባል ኖሮ ከሻሞኒ ንቅንቅ አይልም ነበር።

ከሊዮን፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ በ1786 ተራራው ላይ ሰልፍ አልነበረም። በባልማ ዘመን የወደቀን ሰው ለማንሳት ሕይወቱን የሚያስይዝ ጄንዳርምም አልነበረም። ድሃን ይጎዳል የሚለውን እቀበላለሁ። ታዲያ የሚያስቆመው ምንድን ነው? ልመና አልሠራም።

ከግሬኖብል፦ ሕግ አለ እኮ! ከ2019 ጀምሮ በዚያ መንገድ የሚወጣ ሰው ከሦስቱ ማደሪያዎች በአንዱ አልጋ መያዙን ማሳየት አለበት። የሰው ቁጥር በአልጋው ልክ ይወሰናል። በዘፈቀደ ድንኳን መትከልም ክልክል ነው። በ2020 ደግሞ አካባቢውን የሚጠብቅ ድንጋጌ ተጨምሯል። ከዚያ በፊት ጫፉ ድረስ ምን ያህል ቆሻሻ ይጣል እንደነበር ያየ ያውቀዋል። የጎደለው ተቆጣጣሪ ነው።

ከጄኔቫ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ገደቡ በገንዘብ ሳይሆን በተራራው ሁኔታ ይወሰን። ሌሊት በረዶው ካልጠጠረ መንገዱ ይዘጋ፤ ከጠጠረ ይከፈት። ይህ ሕልም አይደለም። በዚያው ኦገስት ከንቲባው ራሳቸው የቴት ሩስንና የጉቴን መጠለያዎች ዘግተዋል። የሠራው እርምጃ እሱ ነው፤ ማደሪያ ከሌለ አብዛኛው ሰው አይወጣም። ለምን ወደ ማስያዣው እንደሄዱ አይገባኝም።

ከሽቱትጋርት፦ እኔ ወደ ጫፉ የሚያስኬድ ልምድ የለኝም፤ ግን ሁሉም ሰው ስለ ጫፉ ብቻ ማውራቱ ያሳዝነኛል። የሞን ብላን ዙሪያ መንገድ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ከሻሞኒ ማዶ ባሉት ቀያይ ሹል ተራሮች ላክ ብላን የሚባል ሐይቅ አለ፤ ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ሙሉውን ተራራ ውኃው ውስጥ ያየዋል። የአልፕስ አይቤክስ፣ የእኛ የዋሊያ ዘመድ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል። ጫፉ ላይ የሚጨናነቀውን ሰው ወደዚህ ማምጣትም አንድ መፍትሔ ነው።

ከሊዮን፦ ጥሩ ነው፤ ግን የእግር መንገድ የሚወድና ጫፍ የሚፈልግ አንድ ሰው አይደሉም። እሺ፣ በሁኔታው ይዘጋ። ክፍት በሆነበት ቀን ለሚደርሰው አደጋስ ማን ይክፈል? እናንተ ስዊዘርላንድ ሄሊኮፕተር ስትጠሩ ሒሳቡ በእናንተ ወይም በኢንሹራንሳችሁ አይደለም እንዴ?

ከጄኔቫ፦ ነው። ኢንሹራንስን አልቃወምም፤ አልጋ ሲያዝ አብሮ ይጠየቅ። የኦስትሪያ የተራራ ማኅበር አባል የሆነ ሰው የነፍስ አድን ወጪ የሚሸፍን ኢንሹራንስ አብሮ ያገኛል፤ የዓመት መዋጮው ተማሪም የሚችለው ነው።

ከሊዮን፦ ግዴታ ከሆነ እስማማለሁ፤ ያለ ኢንሹራንስ ቦረቦሩ ላይ የተገኘ ደግሞ ቅጣቱን ይክፈል። ማስያዣው ይቅር።

ከሚላኖ፦ እኔ ግን በቅጣቱ አልስማማም። ቅጣት የፈራ ሰው ተጎድቶም ሳይደውል ይቀራል።