ወደ ሰሜን ለሚያይ ሳሎን ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል?

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንዲት ደንበኛዬን ሳሎን እያሰናዳሁ ነው። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር ነው። ያለው አንድ መስኮት ወደ ሰሜን ያያል፤ ፊት ለፊቱም ሌላ ሕንጻ ቆሟል። በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ቀጥተኛ ብርሃን አይገባም።

ግድግዳው ነጭ ተቀባ፤ ከሰዓት በኋላ ግን አመድ ይመስላል። ቀዝቃዛ ነጭ ብርሃን የሚሰጠውን የ6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አምፖል ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን በሚሰጥ ባለ3000 ስለውጠው ነጩ ሞቅ አለ፤ ጥቁር ቡናማው የዋንዛ ሶፋ ግን ከጥላው ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። ሶፋው ከእናቷ የወረሰችው ስለሆነ አይቀየርም። እኔም እንዲቀየር አልፈልግም፤ የእጅ መደገፊያው ላይ ያለው የወይን ሐረግ ቅርጽ በጣም ያምራል፤ እንዲህ አድርጎ የሚቀርጽ ባለሙያ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም።

ክፍሉን ሳያጨልም ያንን ቅርጽ አጉልቶ የሚያሳየው የግድግዳ ቀለም የትኛው ነው፤ ክሬም ወይስ ፈዘዝ ያለ የሸክላ ቀለም?