በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ያሉ የኔትወርክ ሶኬቶችን ከጉዳት መጠበቅ

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ሰላም ለሁላችሁ። በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የተገጠሙት የኔትወርክ ሶኬቶች ቶሎ ቶሎ እየተበላሹ ተቸግረናል። የአንዳንዶቹ ሽፋን በወንበር ጀርባ እየተመታ ይሰነጠቃል፤ በሌሎቹ ውስጥ ደግሞ የእርሳስ ስባሪና ማስቲካ እናገኛለን። አስተዳደሩ ሶኬቶቹን ሁሉ ትተን ወደ ዋይፋይ እንድንዞር ሐሳብ አቅርቧል። ሽፋን ከመቀያየር የተሻለ መፍትሔ የምታውቁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የኔትወርክ ቴክኒሽያን
ማስቲካው ቢያናድድም፣ በእኔ ግምት ዋናው ጠላት የቤት ዕቃው ነው። ገመድ የተሰካበት ሶኬት አፉ በቀጥታ ወደ ክፍሉ የሚያይ ከሆነ መሰኪያው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ስለሚቆም፣ ጠረጴዛ በተገፋ ቁጥር ግፊቱ በሙሉ ሶኬቱ ውስጥ ባሉት 8 ቀጫጭን የብረት ጥርሶች ላይ ያርፋል፤ ጥርሶቹ አንዴ ከተጣመሙ ደግሞ ግንኙነቱ እየመጣ የሚሄድ ስለሚሆን ችግሩን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ይሆናል። ስለዚህ አፉ ወደ ታች ያዘነበለ ወይም ወደ ግድግዳው ጠለቅ ብሎ የሚቀመጥ ሽፋን ይምረጡ፤ የሚቻል ከሆነም ሶኬቱን ከወንበር ጀርባ ከፍታ ያውጡት። ቦታ ሲቀይሩ ከፓች ፓነሉ (የሶኬቶቹ ገመዶች ከሚሰበሰቡበት ሰሌዳ) እስከ ሶኬቱ ያለው ቋሚ ገመድ ከ90 ሜትር እንዳይበልጥ ይጠንቀቁ።

ሶኬቱ ራሱ በቀላሉ የሚተካ ዕቃ ነው፤ ይበልጥ ሊጠበቅ የሚገባው ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ገመድ ነው። ከሶኬቱ ጀርባ ባለው ሳጥን ውስጥ ጥቂት ትርፍ ገመድ ከተተወ የተጎዳውን ጫፍ ቆርጦ እንደገና መግጠም ይቻላል። በሚገጠምበት ጊዜ በገመዱ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙት ሽቦዎች ጥምዝ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ መፈታት የለበትም።

መልስ፦ የአይሲቲ መምህር
ሥራ ላይ ላልዋሉት ሶኬቶች፣ ያለ ልዩ ቁልፍ የማይወጣ የፕላስቲክ መዝጊያ አለ፤ እሱ ከተገጠመ እርሳስ የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም። በተጨማሪም የእነዚህን ሶኬቶች ፖርቶች (መሰኪያ ቦታዎች) ከስዊቹ፣ ማለትም ገመዶቹን እርስ በርስ ከሚያገናኘው መሣሪያ ላይ ዝጓቸው። እግረ መንገዴን ላንሳውና፣ አንድ ተማሪ በአንድ ገመድ ሁለት ሶኬቶችን እርስ በርስ ካገናኘ፣ ስዊቹ ላይ ስፓኒንግ ትሪ (እንዲህ ያለውን ዙር ለይቶ የሚዘጋው ተግባር) ካልተከፈተ በስተቀር የትምህርት ቤቱ ኔትወርክ በሙሉ ሊቆም ይችላል።

መልስ፦ የኔትወርክ ቴክኒሽያን
ዋይፋይን በተመለከተ፣ አክሰስ ፖይንቱም (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ) ቢሆን ገመድ ይፈልጋል፤ ልዩነቱ ገመዱ የተማሪ እጅ በማይደርስበት ጣሪያ ላይ መሆኑና ኤሌክትሪኩንም በዚያው በኔትወርክ ገመድ ማግኘት መቻሉ ነው። ለመማሪያ ክፍሎች ይህ ጥሩ አማራጭ ነው። በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ግን ማሽኖቹ ከቦታቸው ስለማይነሱ ገመዱን ባትተዉት እመርጣለሁ፤ ሶኬቶቹን ከጠረጴዛው ሥር በትራንኪንግ (በገመድ መሸፈኛ ቦይ) ውስጥ ገጥማችሁ ገመዶቹን ከጠረጴዛው እግር ጋር ብታስሯቸው፣ የሚነቅላቸውም የሚረግጣቸውም አይኖርም።

ጠያቂ፦ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የብረት ሽፋን ብንጠቀምስ?

መልስ፦ የኔትወርክ ቴክኒሽያን
ከመሰንጠቅ ያድናል፤ ውስጡ ያሉትን ጥርሶች ግን አያድንም። ገመድ በብዛት በሚሰካበትና በሚነቀልበት ቦታ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ጠለቅ ብሎ በሚቀመጠው ዓይነት ላይ ብታውሉት ይሻላል።