ዶቭሬፌል (ኖርዌይ) ላይ ሞስኩስ ማየት፦ ያለ መኪና፣ በሁለት ቀን ይቻላል?

የማርቆስ ልጅ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በፈረንጅ ጁላይ መጀመሪያ ትሮንድሄም ስብሰባ አለብኝ፤ ሁለት ቀን ይተርፈኛል። ሞስኩስ የሚሉትን ባለ ረጅም ጠጉር እንስሳ ማየት እፈልጋለሁ። የአካባቢው ትልቁ ተራራ ስኖሄታ 2286 ሜትር ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከተማ ራሷ ከ2400 ትበልጣለች። ቾቄን ለለመደ ሰው ጋቢና ስኒከር አይበቃም?

ጅብራ
በቁጥሩ አትታለል ወንድሜ። ቾቄ ላይ ከ3000 ሜትር በላይም ገብስ ይዘራል፤ ዶቭሬ ላይ ግን 1100 ሜትር ገደማ ስትደርስ ዛፍ ያበቃል። ቦታው 62ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ነውና። ትንፋሽ አያጥርህም፤ የሚጎዳህ ነፋስና እርጥበት ነው። በጁላይም በረዶ ሊጥል ይችላል። ጋቢውን ተወው፤ ጥጥ ውሃ ከጠጣ ሙቀት አይይዝም። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውሃና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ልበስ። መሬቱ ብዙ ቦታ ረግረግ ስለሆነ ጫማህ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ውሃ የማያስገባ ይሁን።

ጣና ዳር
መኪና አያስፈልግህም። ከትሮንድሄም ወደ ኦስሎ የሚሄደው ባቡር በዶቭሬ በኩል ያልፋል፤ ሞስኩስ ፍለጋ የምትወርድበት ኮንግስቮል ጣቢያ ለመድረስ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ጣቢያዋ ትንሽ ናት፤ ወራጅ ከሌለ ባቡሩ ያልፋታል። ስለዚህ ለሠራተኛው «ወራጅ አለ» ብለህ አስቀድመህ ንገረው። የጉዞ ሰሌዳው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 14:00 ማለት የእኛ 8 ሰዓት ነው። ብዙ ሰው የመመለሻ ባቡር የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው።

ሞስኩስ በእንግሊዝኛ ስሙ በሬ (መስክ ኦክስ) ቢባልም ለፍየልና ለበግ ይቀርባል። በ1932 ከግሪንላንድ መጥቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታድኖ አለቀ፤ የዛሬዎቹ ከ1947 እስከ 1953 የመጡት ዘሮች ናቸው። አንተ በምትሄድበት ሰሞን የውስጥ ጠጉሩን ስለሚጥል ቁጥቋጦ ላይ እንደ ባዘቶ የተንጠለጠለ ቡናማ ጠጉር ካየህ ቆም በል፤ በአቅራቢያው ሊሆን ይችላል። በባይኖኩላር ዙሪያውን ቃኝ። ከሩቅ ጥቁር ድንጋይ ይመስላል፤ «ድንጋዩ» ጭንቅላቱን ሲያነሳ ነው የሚለየው።

ከ200 ሜትር አትቅረብ። ከብት የለመደ ሰው የሚሳሳተው፣ እንስሳው አለመሸሹን እንደ ገራምነት ስለሚቆጥረው ነው። ሞስኩስ ተኩላ ሲመጣበት ሸሽቶ ሳይሆን ቆሞ ነው የሚከላከለው፤ ቆመ ማለት ታገሠህ ማለት አይደለም። ካናፋ፣ መሬት ከጫረ ወይም ጭንቅላቱን ከፊት እግሩ ጋር ካሻሸ ፊትህን ወደ እሱ አድርገህ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ሽሽ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣልና ሩጫ አያዋጣህም። በ1964 ሰው ገድሏል።

የማርቆስ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። መንገዱ ላይ ተኝቶ ባገኘውስ?

ጣና ዳር
ርቀትህን ጠብቀህ በሰፊው ዙር፣ ወይም እስኪነሳ ጠብቅ። ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 5 ሰዓት ስለሆነ ይመሻል ብለህ አትቸኩል። በእሱና በጥጃው መሃል ግን በምንም መንገድ አትግባ።

ጅብራ
ሁለተኛውን ቀን ዬርኪን የሚባለው ባቡር ጣቢያ ውረድ። ከመኪና ማቆሚያው 1.5 ኪሎ ሜትር በእግር ሄደህ በ2011 የተከፈተ ባለ መስታወት ማማ ቤት ታገኛለህ፤ ስኖሄታ ፊት ለፊት ይታያል። እዚያ ሆነህ የዱር አጋዘን ፈልግ፤ ሰው ከሸተተው ከሩቁ ስለሚሸሽ ተከትለኸው አታገኘውም።

ወፍ ከወደድክ ዶምቦስ አጠገብ ፎክስቱሚራ የሚባል፣ ከ1923 ጀምሮ የተጠበቀ ረግረግ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ጣና ዳር የምናየው ባለ ረጅም እግር ግራጫ ክሬን እዚያም ይፈለፈላል። ዝርያው አንድ ነው፤ የኖርዌዮቹ ግን በብዛት ስፔን ነው የሚከርሙት። የወፉ ድምፅ የሚደምቀው በሜይ መጨረሻና በጁን ስለሆነ ትንሽ ዘግይተሃል። ከጣውላው መንገድ አትውጣ፤ ጎጆው መሬት ላይ ነው፣ ሳታየው ትረግጠዋለህ።