ልብወለድ ነው ወይስ አውጫጭኝ?

(ተወያዮቹ የሚጠሩት በሰሜን ሸዋ ባሉ አካባቢዎቻቸው ስም ነው።)

ጠባሴ፦ እሁድ ደብረ ብርሃን ላይ በነበረን የመጻሕፍት ውይይት የተባለው ነገር እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል። የአሜሪካዊውን ደራሲ የዊልያም ፎክነርን «አዝ አይ ሌይ ዳይንግ» አንብበን ልንነጋገርበት ስንጀምር አንድ ትልቅ ሰው «ይሄ ልብወለድ ነው ወይስ አውጫጭኝ?» አሉ። ሳቅ በሳቅ ሆነ፤ ውይይቱም በዚያው ቀረ። ተራኪው ስለበዛ ብቻ መጽሐፍ ይጣላል? እኔም ሙሉ በሙሉ ወድጄዋለሁ አልልም። ከሟቿ ልጆች አንዱ ዳርል ሲያወራ ገጹ ሳይታወቀኝ ያልቃል። ትንሽ ወንድሙ ቫርዳማን ሲመጣ ግን ግራ ይገባኛል። እናቴ ዓሣ ናት ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምዕራፉን ይዘጋዋል። በሌላ ቦታ ደግሞ ያ ሕፃን እንደ ፈላስፋ ይናገራል። ድምፁ የልጁ ነው የደራሲው?

መሐል ሜዳ፦ ትልቁ ሰው እኔ ነኝ። አሁንም ያው ነኝ። 59 ምዕራፍ፣ 15 ተራኪ! እናት ሞተች፤ ባልና ልጆች ሬሳዋን በጋሪ ጭነው ወገኖቿ ወዳሉበት ከተማ ሊቀብሯት ይሄዳሉ። ታሪኩ ይሄው ነው። ለዚህ ጎረቤቱ፣ ሐኪሙ፣ ቄሱ ሁሉ ለምን ይጠራል? በአውጫጭኝ ጊዜም አገሬው ይሰበሰብና ሌባው እስኪታወቅ ማንም ንቅንቅ አይልም ነበር። እኔ ደግሞ ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ።

ጣርማ በር፦ ጋሼ፣ አውጫጭኝ ካሉማ በራስዎ ላይ ፈረዱ። አገሬው የሚሰበሰበው የአንድ ሰው ቃል ስለማይበቃ አይደል? እዚህም ያው ነው። ሟቿ ከቄሱ ጋር የነበራትን ድብቅ ግንኙነት በራሷ ምዕራፍ ታወጣዋለች። ወዲያው በሚቀጥለው ምዕራፍ ቄሱ መጥቶ ራሱን በራሱ ይቅር ሲል እንሰማዋለን። ደራሲው ጣልቃ ገብቶ «ውሸታም ነው» አላለም። አንድ ተራኪ ብቻ ቢኖር ይሄን ከየት ያገኙታል?

መሐል ሜዳ፦ ሟቿ ታወጣዋለች? ሬሳ ለምስክርነት የሚቆምበት አውጫጭኝ የት አገር ነው ያየኸው?

አንኮበር፦ ጋሼ፣ ሴትዮዋን ሬሳ ሬሳ አይበሏት። መጽሐፉ ስለ እሷ ሞት ነው፤ ከ59 ምዕራፍ የደረሳት ግን አንድ ነው። ዳርል 19 ወስዷል። ትልቁ ልጅ ሳጥኗን በመስኮቷ ሥር ሲጠርብ እየሰማች ነው የሞተችው። ያን ያህል ዝም ብላ ከርማ አንዴ ብትናገር በዛባት? እኔን ያናደደኝ የተራኪው ብዛት አይደለም፤ የምፈልጋት ሰው ቶሎ መጥፋቷ ነው። ደራሲው ሆን ብሎ አድርጎት ይሆናል። ቢሆንም ያናድዳል።

ጠባሴ፦ ልጇ ጄውልም እኮ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው ያለው። እናቱ ከሁሉ የምትወደው እሱን ነው።

አንኮበር፦ እሱማ ለሚወደው ፈረሱ ያውራ።

ሞላሌ፦ ዓሣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ?

ጠባሴ፦ እባክህ ያንን ክርክር እዚህ አትክፈት።

ሞላሌ፦ ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ?

ጣርማ በር፦ ወደ ቁም ነገሩ። «ከበደን» ማለት ዛሬ አልተጀመረም። የደብረ ሲናው ልጅ ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ» የተባለውን ልብወለዱን ሲያወጣም አንባቢው ከበደኝ ብሏል። ዳኛቸው ወደ ኋላ ይልና ሰዎቹን ለቀቅ ያደርጋቸዋል። ባላገሩ እንደ ባላገር፣ ተማሪው እንደ ተማሪ ያወራል። ፎክነር ጋ የጎደለው ይሄ ነው፤ ሲመቸው ሁሉንም በራሱ አፍ ያናግራቸዋል። በዚህ ጠባሴ ልክ ነው።

መሐል ሜዳ፦ ዳኛቸው እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነበር። እናንተ ደብረ ሲናዎች ስለ ሽሮ ቢወራም እሱን ታነሳላችሁ።

ጣርማ በር፦ መንዞች የሚያነሱት ቢያጡ በእኛ ምን ይፈርዳሉ?

ሞላሌ፦ ኧረ መንዝን ተው!

መሐል ሜዳ፦ ልጄ፣ እኔ ፊደል ሳስቆጥር አንተ አልተወለድክም። አንባቢ ማን እንደሚያወራ ለማወቅ ወደ ምዕራፉ አናት እየተመለሰ ስም የሚፈልግ ከሆነ ጥፋቱ የደራሲው ነው።

ጣርማ በር፦ ስሙን እንኳ ጽፎልዎታል። ዳኛቸው ቃሉ ጠብቆ ይሁን ላልቶ እንዲለይ ፊደሉ ላይ ነጥብ እስከማድረግ ደርሷል። ከዚህ በላይ አንባቢን ማገዝ ምንድን ነው? ማጉረስ?

መሐል ሜዳ፦ ማጉረስ አላልኩም! አልኩ? እስቲ የቱ ጋ ነው ማጉረስ ያልኩት?

አንኮበር፦ አሁን ደግሞ ማጉረስ ላይ ልናድር ነው።

ጠባሴ፦ የሚቀጥለውን መጽሐፍ ማን ይምረጥ?

መሐል ሜዳ፦ ተራው የኔ ነው። አንድ ተራኪ፣ ቢበዛ 200 ገጽ።

ጣርማ በር፦ «አደፍርስ» ካልሆነ አልመጣም።

መሐል ሜዳ፦ ቅር።

አንኮበር፦ በነገራችን ላይ የኔን «አደፍርስ» ተውሶ ያልመለሰ ሰው እዚሁ መሃላችን አለ። ስም አልጠራም።

ሞላሌ፦ ጨርሼ እመልሳለሁ ብያለሁ እኮ።