«ባቡር» ለምን «ምድር ባቡር» ተባለ? ቃሉና የምትወዱት መስመር

የዳሞቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየ ቃል አለ፣ ዛሬ ላውጣው። ያደግሁት ጎጃም ነው። ባቡርን በዓይኔ ያየሁት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ቃሉን ግን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ እኛ ዘንድ ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነዋ። አያቴ «ነገ ጤፉን ባቡር ታደርሳለህ» ትለኛለች፤ በማለዳ አህያ እጭናለሁ፣ ሁለት ሰዓት ያህል እነዳለሁ፣ ሞተሩ ከሩቅ ዱግ ዱግ ሲል ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ወረፋ ይዤ እውላለሁ፣ ማታ ከፀጉሬ እስከ ቅንድቤ ዱቄት ለብሼ እገባለሁ። አዲስ አበባ መጥቼ አንድ የዶርም ጓደኛዬ «በልጅነቴ ድሬዳዋ በባቡር ነበር የምንሄደው» ሲለኝ መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ የመጣው የወፍጮው ድምፅ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንድ፣ ወፍጮና ያ ረጅም ተሽከርካሪ እንዴት አንድ ስም ያዙ? ሁለት፣ መሥሪያ ቤቱ «የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን» ሲባል «ምድር» ምን ልታደርግ ገባች? ባቡር ሌላ የት ይሄዳል?

እግረ መንገዳችሁን፣ እዚህ የባቡር ወዳጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምትወዱትን መስመር ከአንድ ቃል ጋር አምጡልን።

ሥርወ ቃል

የዳሞቱ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ የመጀመሪያውን ይመልሰዋል። ባቡር መጀመሪያ የሄደው ውሃ ላይ ነው።

ቃሉ የተነሳው ከእንፋሎት ነው። ጣልያኖች «ቫፖሬ»፣ ፈረንሳዮች «ቫፐር» ይላሉ፤ እንፋሎት ማለት ነው። የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ መርከቡም በዚያው ተጠራ። ቱርኮች ኢስታንቡል ላይ ሰው የሚያሻግረውን መርከብ ዛሬም «ቫፑር» ይሉታል። ዐረብኛ ውስጥ ሲገባ «ባቡር»፣ ግብፅ ላይ ደግሞ «ዋቡር» ሆነ። እነሱ ዘንድ የጋዝ ምድጃውም በዚሁ ስም ይጠራል። እኛ ጋ የደረሰው በቀይ ባሕር በኩል ነው። ድሮ ወደ ኢየሩሳሌም ወይም ወደ አውሮፓ የሄዱ ሰዎች የጻፉትን ብታነብ «በባቡር ተሳፈርን» ይላሉ፤ ሐዲድ ላይ ሳይሆን ባሕር ላይ ናቸው። ስለዚህ በየብስ የሚሄደው ሲመጣ መለየት ነበረበት። ምድር ባቡር! «ምድር» የገባችው ለዚህ ነው፤ የባሕሩ ባቡር «መርከብ» ተብሎ ቀርቶ እንኳ እሷ አልወጣችም።

ወፍጮውም እንደዚያው ነው። በሬም ሰውም ሳይነካው በሞተር የሚሠራ ነገር ሁሉ ባቡር ነበር። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ አዲስ አበባ ሲያስገባ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። እውነተኛው ባቡር አዲስ አበባ የገባው 1909 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉ ግን ቀድሞት ከተማ ውስጥ ነበር። አያትህ አልተሳሳቱም ማለት ነው። እንዲያውም ከእኛ ይልቅ የቃሉን ሰፊውን ትርጉም የያዙት እሳቸው ናቸው።

የከዚራ ልጅ

አቦ ሥርወ ቃል፣ አንተ ሰውዬ ጎበዝ ነህ! (ለማታውቁን፦ ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው፣ ንቀት አይደለም።)

የኔ መስመር ግልጽ ነው፤ ከድሬ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው። ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ ከዚያ አሊ ሳቢህ። እነዚህን ስሞች ፊደል ሳልቆጥር በፊት በቃሌ እላቸው ነበር። አባቴ የባቡሩ ዎርክሾፕ ውስጥ ብረት ሠራተኛ ነበር። የድሬ ልጅ ከሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከተማዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላልቻለ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ፣ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደረሰ፣ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር።

ቃሌ «ፉርጎ» ነው። ፈረንሳይኛው «ፉርጎን» የዕቃ መጫኛ ሠረገላ ብቻ ነው። እኛ ግን ሰው የሚጫንበትንም ዕቃ የሚጫንበትንም ፉርጎ አልነው፤ ኋላ መላ አገሩ ያዘው። ልጆች ሆነን «ባቡር ባቡር» ስንጫወት የፊተኛው ሾፌር ነው፣ የተቀረነው አንዳችን የሌላውን ሸሚዝ ከኋላ ይዘን ፉርጎ ነን። መጨረሻ ፉርጎ መሆን ማንም አይወድም፤ መታጠፊያ ላይ ትወረወራለህ። እናቴ ዛሬም ልጆቼ እሷን ተከትለው ገበያ ሲወጡ «ፉርጎዎቼን ጎትቼ መጣሁ» ትላለች።

የማልረሳው ደግሞ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ሊገባ ሲል ነው። ነጋዴ እናቶች ቀድመው ጣቢያ ይደርሳሉ። ኩሊው፣ ጋሪው፣ ሻይ ሻጯ፣ ሁሉም አንገቱን ወደ ሽንሌ በኩል ያሰግጋል። ከዚያ ፊሽካው። ያን ጊዜ ቀፊራ ገበያ ያለ ሰው እንኳ ነገ ምን እንደሚረክስ ያውቃል።

የአቃቂዋ

የኔ ትንሽ ናት። ከአቃቂ እስከ ለገሃር። አክስቴ ዘንድ በዓል ልንውል እንሄዳለን፣ መንገዱ አጭር ነው፣ እኔ ግን ባያልቅ ብዬ እጸልይ ነበር። መስኮት አጠገብ መቀመጥ በተራ ነው፤ ከወንድሜ ጋር ስንጣላበት አንድ ቀን እንኳ ሳይጨቃጨቅ አልፎ አያውቅም። ለገሃር ስንወርድ ከአንበሳው ሐውልት ሥር ቆመን አክስቴን እንጠብቃለን።

ጥያቄ አለኝ። «ለገሃር» ፈረንሳይኛ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ደግሞ ኦሮምኛ ነው የሚሉም አሉ። ጋሽ ሥርወ ቃል፣ የቱ ነው?

ሥርወ ቃል

የኔ ልጅ፣ የአዲስ አበባው ከፈረንሳይኛ ነው። «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት ነው። የዛሬው ሕንፃ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ስሙም በዚያው ቀረ።

ኦሮምኛ የሚመስልበት ምክንያት ግን አለው፤ እኔ ይህን ነገር በጣም እወደዋለሁ። በኦሮምኛ «ለጋ» ወንዝ ነው። ለገጣፎን፣ ለገዳዲን አስቢ። የከተማው ጆሮ «ለገ» ብሎ የሚጀምር የቦታ ስም ለምዷል። ስለዚህ «ላ ጋር» ሲመጣ እንደ ባዕድ አልቆመም፣ የተዘጋጀ ቦታ አገኘና ተቀመጠ። ይህ የኔ ግምት ነው፣ ግን አጥብቄ የምይዘው ግምት ነው።

አሁን ደግሞ የከተማው ቀላል ባቡር እዚያው አካባቢ ፌርማታ አለው። «ለገሃር ጣቢያ» ስንል ቃል በቃል «የጣቢያው ጣቢያ» እያልን ነው። አይታረም፤ ቋንቋ እንዲህ ነው የሚኖረው።

የከዚራ ልጅ

ተጨማሪ፦ ድሬ ላይ «ለገሃሬ» የሚባል ሰፈር አለ። የሰፈሩ ሰዎች «ለጋ» ወንዝ፣ «ሃሬ» አህያ፣ የአህያ ወንዝ ነው ይሏችኋል። የአዲስ አበባውን ለገሃር ይዞ እሱንም ፈረንሳይ ለማድረግ የሚሮጥ ካለ ቀስ ይበል።

ኮምቢሽታቶ

አስመራ ተወልጄ አዲስ አበባ ያደግሁ ነኝ። የኔ መስመር ከምጽዋ አስመራ ነው። 118 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን ከባሕር ተነስቶ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1911 ነው አስመራ የደረሰው። አባቴ ሲያወራ «ታች ላብ፣ መሐል ደመና፣ ላይ ጋቢ» ይላል። ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ቃሌ «ሊቶሪና» ነው። ያቺ እንደ አውቶቡስ ብቻዋን የምትሄደው፣ በናፍጣ ሞተር የምትሠራው ባቡር። ጣልያኖች በወረራው ጊዜ በጅቡቲው መስመርም አምጥተዋታል። ስሟ የመጣው «ሊቶሪዮ» ከሚባለው የፋሺስቶች ምልክት ነው፤ በመጥረቢያ ዙሪያ የታሰረው የበትር ነዶ። ይህን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፣ ደነገጥሁም። አያቴ ቃሉን ስትጠራው ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ነው ትዝ የሚለኝ፤ በሊቶሪና ነው ሙሽራ ሆና ከከረን አስመራ የመጣችው። ቃሉን ልጥላው? አልቻልኩም። የሷ ነውና።

የዳሞቱ

አትጣለው። ቃል የሚጠራው ሰው ነው ባለቤቱ።

ከቤርሳቤህ

ከእስራኤል ነኝ፣ በስድስት ዓመቴ ነው የመጣሁት፣ አማርኛዬን ታገሡልኝ።

እዚህ ባቡር «ራኬቬት» ይባላል። ሥሩ ር-ክ-ብ ነው፣ መጋለብ፣ መሳፈር። በዚሁ ሥር ሠረገላ «መርካቫ» ነው። ዐረብኛውም «ረኪበ» ማለት ተሳፈረ ነው፣ «መርከብ» ደግሞ የባሕሩ። ጋሽ ሥርወ ቃል «የባሕሩ ባቡር መርከብ ተብሎ ቀረ» ሲሉ ብድግ አልኩ! አማርኛ ለባሕሩ የያዘው ቃልና ዕብራይስጥ ለየብሱ የያዘው ቃል አንድ ሥር ናቸው ማለት ነው። ሁለቱ ዕቃ ተለዋውጠው እንደሄዱ ነው የታየኝ።

እናቴ በየሳምንቱ ከቤርሳቤህ ወደ ቴል አቪቭ በባቡር ትሄዳለች። በስልክ ለእህቷ ስትናገር «በራኬቬት ነኝ» አትልም፣ «ባቡር ላይ ነኝ» ነው የምትለው። ቀጥላ ግን ፌርማታውን «ታሃና» ትላለች። እኔ የማውቀው የባቡር መስመር ይኸው ነው፣ የምወደውም እሷ በመስኮቱ ስታወራኝ ስለሆነ ነው።

የዳሞቱ

እጅግ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጨምር። ጋዜጣና ሬዲዮ ላይ «ድርድሩ ከሐዲዱ ወጣ»፣ «ባቡሩ አምልጦናል» ይባላል። እነዚህ የኛ ናቸው?

ሥርወ ቃል

ከባዕድ ቋንቋ የተተረጎሙ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ባላገር «መስመር ሳተ»፣ «መንገድ ለቀቀ» ይላል፤ ዕድል ያመለጠውን ደግሞ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ይገላገለዋል። «ሐዲድ» ራሱ ዐረብኛ ነው፣ ብረት ማለት ነው። የኛ ሰው ባቡርን በራሱ ዓይን ያየው በበቅሎ ነው። በምኒልክ ጊዜ ስለ ባቡር የገጠሙ ሰዎች «ሄደ» ወይም «ነጎደ» አላሉም፣ «ሰገረ» አሉ። መስገር የደህና በቅሎ አረማመድ ነው። ተቀማጩን ሳይነቀንቅ ፈጠን ብሎ መሄድ። ከዚህ የተሻለ ባቡርን የገለጸ ግሥ አላውቅም። ጋዜጠኞቻችን አዲስ አባባል ሲፈልጉ እዚህ ላይ ቢቆፍሩ ያገኛሉ።

የከዚራ ልጅ

እኔም ልበል። «ከሐዲዱ ወጣ» የሚለውን ለድርድርና ለስብሰባ ሲጠቀሙበት እኛ ድሬዎች ጆሯችን ይቆስላል። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ሐዲድ ለቅቆ ከድልድይ ወደቀ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ድሬ ላይ ያን ሰሞን ለቅሶ የሌለበት ሰፈር አልነበረም። ከዚያ በፊት እናቴ አባቴ ከሥራ ሲገባ «ባቡሩ ገባ?» ብላ ነበር የምትጠይቀው። ከዚያ በኋላ «በሰላም ገባ?» ሆነ። አንዲት ቃል ጨመረች፣ እስከ መጨረሻው ባቡር ድረስ አላነሳቻትም። እኔ ታዲያ ያን ሐረግ ለፖለቲካ ወሬ ልጠቀምበት አልችልም። ሌላው ቢጠቀም አልከለክልም።

አሁን ያለው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ ነው፣ ሐዲዱም ሰፊ ነው፣ 1435 ሚሊ ሜትር። የድሮው አንድ ሜትር ነበር። ስለዚህ አሮጌው ፉርጎ አዲሱ ላይ አይሄድም። ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ብሏል፣ ፊሽካው ከዚራ አይደርስም። በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን ደስ ብሎኛል፣ ልዋሽ አልፈልግም። ልጄን ይዤ ተሳፈርኩ። ቁጭ ብላ «አባ፣ እኛ ስንተኛው ፉርጎ ነን?» አለችኝ። ቃሉን ማን እንዳስተማራት አላውቅም፣ እናቴ ትሆናለች።

የአቃቂዋ

አለቀስኩ። በዚህ ውይይት ላይ አለቅሳለሁ ብዬ አልገመትኩም።

ወንድሜ ካናዳ ነው፣ አሁን ደውዬ «የመስኮቱ ተራ የማን ነበር?» አልኩት። «የኔ» አለ።

የዳሞቱ

እኔም እናቴ ጋ ደወልኩ፤ አያቴ አርፋለች። ባቡር ማለት መጀመሪያ እንፋሎት ነው፣ ቀጥሎ መርከብ ሆነ፣ ሌላም ሌላም ብዬ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እንፋሎት? የኛ እኮ በናፍጣ ነበር» አለች። ከዚያ ቀጥላ፣ መንደሩ መብራት ገብቶለት አዲስ ወፍጮ እንደተከሉ፣ ወጣቶቹ «ወፍጮ ቤት» እንደሚሉት ነገረችኝ። «አንቺስ?» አልኳት። «እኔማ ነገ ጠዋት በርበሬ ባቡር ላስፈጭ ነው» አለች።