ብሌድ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጀማሪው፦ ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ሜሪላንድ ጎልፍ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። 18ቱን ጉድጓድ የምጨርሰው ከ100 እስከ 110 ባለው ምት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያገለገሉ ብሌድ አይረኖቹን፣ ማለትም ጀርባቸው ያልተቦረቦረ የብረት ዱላዎቹን፣ ከ3 እስከ 9 ቁጥር፣ በ250 ዶላር ውሰድ ብሎኛል። እንደ ቢላ ስስ ናቸው፣ ሲያዩዋቸው ምራቅ ያስውጣሉ። ምን ትሉኛላችሁ?

አባ አሸዋ፦ ይቅርብህ ልጄ። እኔም በመልካቸው ተሸውጄ አንድ ሰመር ሙሉ ተሰቃይቻለሁ። ብሌድ መሀሉን ካገኘኸው ቅቤ ነው። ትንሽ ወደ ጫፍ ከሸሸብህ ግን ኳሷ ርቀት ታጣለች፣ እጅህንም ይነዝርሃል። የጠዋት ብርድ ሲጨመርበትማ አይነሳ። ካቪቲ ባክ የሚባለው ጀርባው የተቦረቦረ ነው። ክብደቱ ወደ ዳር ዳር ስለተገፋ፣ ከመሀል ብትስት እንኳ የዱላው ጭንቅላት ብዙ አይጠመዘዝም። ፒንግ የተባለውን የጎልፍ ዱላ ኩባንያ የመሠረተው ካርስተን ሶልሃይም መሐንዲስ ነበር፤ በ1980ዎቹ ስሟ የገነነው አይ 2 አይረን የተሠራችው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ሰባት ቁጥር፦ አባ አሸዋ ልክ ናቸው፣ ግን በወሬ አትወስን። ከፋርማሲ የእግር ፓውደር ስፕሬይ ግዛ። የ7 ቁጥርህን ፊት ነጭ እስኪሆን ንፋው፣ ከዚያ ሬንጅ (መለማመጃ ሜዳ) ላይ 10 ኳስ ምታ። ኳሷ ያረፈችበት ቦታ ክብ ሆኖ ይታይሃል። በየሁለት በየሦስት ኳሱ ጥረገውና እንደገና ንፋ፤ ያለዚያ ይደባለቅብሃል። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ክቦቹ ሁሉ ሻፍቱ (የዱላው ዘንግ) ሥር ተኮልኩለው አገኘኋቸው። ያን ቀን ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ጀማሪው፦ አደረግኩት! ከ10 ሁለቱ ብቻ መሀል። የቀሩት ወደ ጫፉ ተበትነዋል። ሌላ ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ አዲስ 7 ቁጥር አስሞከሩኝና ከእኔው በ15 ያርድ ራቀ። እውነት ነው?

መካኒኩ፦ ርቀቱ እውነት ነው፣ ቁጥሩ ግን ያታልላል። የድሮ 7 ቁጥር ሎፍቱ (የፊቱ ዘንበል ማለት፤ ሲያንስ ኳሷ ትርቃለች) 34 ወይም 35 ዲግሪ ነበር። ዛሬ ለጀማሪ ከሚሠሩት አንዳንዶቹ 28 እና 29 ናቸው። የድሮው 5 ቁጥር ማለት ነው፣ ስሙን ቀይሮ የመጣ! በራሱ ክፋት የለውም፤ ክብደቱ ወደ ታች ስለወረደ ኳሷን አሁንም ከፍ ያደርጋታል። ችግሩ ሌላ ጋ ነው። ፒቺንግ ዌጁም (የአጭር ርቀት ዱላው) አብሮ ወደ 43 ዲግሪ ይወርዳል። ሳንድ ዌጅህ (ከአሸዋ የምታወጣበት ዱላ) 56 ከሆነ መሀሉ ባዶ ቀረ፤ 49 ወይም 50 ዲግሪ የሆነ አንድ ዌጅ ትጨምራለህ። ቦርሳ ውስጥ የሚፈቀደው 14 ዱላ ነው፣ ስለዚህ 3 እና 4 ቁጥርን አውጥተህ ሃይብሪድ (የአይረንና የዉድ ዱላ ድቅል) ተካ። ክርንህን የሚያምህ ከሆነ ደግሞ ግራፋይት ሻፍት ሞክር።

አባ አሸዋ፦ አዲስም አትግዛ። የሦስት የአራት ዓመት ካቪቲ ባክ ይበቃሃል። የተረፈህን ገንዘብ ለአስተማሪ ክፈል።

ጀማሪው፦ እሺ ጋሼ። ያገለገለ ካቪቲ ባክ፣ ከ5 እስከ ፒቺንግ ዌጅ፣ ትናንት ገዛሁ። ባልደረባዬ ግን አኩርፏል።